የዳይማ ታላቅ ያለችበት

ማቶሎ የሰሌን ሸራውን ሽቅብ ስቦ ገመዱን ገና ሳያስር ነፋሱ ቀደመው። ጀልባችን ባሕር ላይ ከተተከሉት ከካባሉታን ቤቶች ቋሚዎች መሐል ተፈናጥራ ወጣች። የእኔ ማሰሮ ተገለበጠ፣ ዶሮዎቹ ተንጫጩ፣ ሎሎ ኩንዳሊ ግን መሪውን በብብቱ አጥብቆ ይዞ አንድ ጊዜ እንኳ ወደኋላ አላየም። በየደረጃው ላይ የቆሙት ሴቶች እጃቸውን አላወዛወዙልንም። ለታመመ ሰው ሲኬድ እጅ አይወዛወዝም፤ ሕመሙ የተጠራ መስሎት ይከተላል።

የታመመችው ዳይማ ናት፤ የኩንዳሊ ሚስት፣ የሟች እህቴ የሳምቡራ ልጅ። ከቅጠል ጣሪያው ሥር ምንጣፍ ላይ ተኝታለች። ትኩሳቱ ከያዛት አሥራ ሁለት ቀን ሆኗታል፤ እግሮቿ አንቆምም ካሉ ስምንት፣ ምግብ ባፏ ካልገባ አምስት።

«አክስቴ፣ ማሰሮውን ደፋሽው አይደል?» አለችኝ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ባልሽ ነው የደፋው። እንደ ጎረምሳ ነው የሚነዳው።»

«የወጥ ሽታ ባሕር ውስጥ ገባ። ዓሦቹ ይጥገቡ፤ እኔ እንደሆነ አልበላ።»

ሕመም አፏን አልያዘውም። ፈገግ አልኩላትና ፊቴን አዙሬ ወለሉን መጥረግ ጀመርኩ፤ እንባዬን እንዳታይብኝ።

የመንደራችን አዋቂ ሆዷን ዳሶ፣ ጆሮውን ደረቷ ላይ አኑሮ፣ «ታላቋ ናት የምትጠራት» ብሎ ነበር። እኛ ባጆዎች፣ የባሕር ሰዎች፣ ዘንድ አንድ ሕፃን ሲወለድ እንግዴ ልጁ እንደ ታላቁ ይቆጠራል። በኮኮናት ቅርፊት ተደርጎ ባሕር ውስጥ ይወርዳል፤ እዚያ ሆኖ ታናሹን ይጠብቃል። ሰው ሲጠናበት ታላቁ ወዳለበት ውሃ ይወሰዳል፤ ስጦታ ይጣልለታል፣ ታማሚውም በዚያው ውሃ ይታጠባል። «ጨረቃ ሳትሞላ በታላቋ ውሃ ካልታጠበች፣ ሴትዮዋን አታገኟትም» አለ አዋቂው። ጨረቃ ልትሞላ የቀራት ስድስት ቀን ነው።

ችግሩ፣ የዳይማ ታላቅ የት እንደወረደች ማንም አያውቅም። ሳምቡራ የወለደቻት ጉዞ ላይ ሳለች ነው፤ ቦታውን ሳትናገር ሞተች። ማንም አያውቅም ስል፣ ከእኔ ከሩንጋ በቀር ማለቴ ነው።

ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። የምዕራብ ነፋስ ጀልባችንን ሰባብሮ በሰሜኑ ዳርቻ አንድ ወንዝ አፍ ላይ ጣለን። እህቴ ምጥ ላይ ነበረች። የመሬት ሰዎች ተሸክመው ቤታቸው አስገቧት፤ አዋላጃቸው ሕፃኗን በደህና አወጣችና፣ ሳምቡራ ራሷን ስታ ሳለ፣ እንግዴ ልጁን እንደ አገሯ ወግ ደጃፏ ላይ ቀበረችው። በላዩም የበቀለ ኮኮናት ተከለችበት። እህቴ ስትነቃ ሦስት ቀን አለቀሰች። «ቆፍሩና አውጡልኝ» ብትል፣ የተተከለው ከተነቀለ ሕፃኗ ትሞታለች አሏት። እኛ ዘንድ ደግሞ ታላቁ መሬት የገባበት ሰው «ጎዶሎ» ነው የሚባለው። ጀልባ ፊት አይቀመጥም፤ መረብ ሲጣል ዞር በል ይባላል፤ ማንም አያገባውም። ስለዚህ እህቴ የባሕር ውሃ ቀድታ ሦስት ጊዜ አስጎነጨችኝ። «ይህን ያወጣሽ ቀን አፍሽን ይኸው ውሃ ይሙላው» አለችኝ። አምሳ አራት ዓመት ሙሉ ያ ጨው ከጉሮሮዬ አልወረደም።

ያቺ ጎዶሎ ልጅ አድጋ ማንን አገባች? ሎሎ፣ የባላባት ዘር፣ አገባች። የኩንዳሊ አያቶች ከሡልጣን እጅ ሰንደቅ የተቀበሉ ባላባቶች ናቸው፤ ወንድሞቹ «የተራ ሰው ልጅ» እያሉ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ እንከን ሲፈልጉባት ኖረዋል። እኔም አፌን ዘጋሁ። የሆድን በሆድ ይዤ፣ የማውቀውን ቦታ ሲፈልጉ አብሬ ልፈልግ ተሳፈርኩ። ከዚህ የባሰ ውርደት ካለ አላውቅም።

የመጀመሪያው ማረፊያችን ሦስት ጥርስ የሚባለው የድንጋይ ሰንሰለት ነበር። በዚያ ፑቶ ሳሊሃ የሚባል ሽማግሌ በጀልባው ላይ ብቻውን ይኖራል፤ የጥንቱን ሁሉ አውቃለሁ ባይ ነው። ሎሎ ኩንዳሊ አጠገቡ መልሕቅ ጥሎ፣ በአክብሮት ሁለት እጁን ዘርግቶ ትንባሆ ሰጠው።

«ፑቶ፣ የሳምቡራ ልጅ ታላቅ የት እንደወረደች ያስታውሳሉ?»

ሽማግሌው ትንባሆውን አሸተተ። «እንዴት አላስታውስም! እዚሁ ነዋ። ከመካከለኛው ጥርስ ሥር፣ አረንጓዴው ውሃ ላይ። እኔ ራሴ ነበርኩ ቅርፊቱን ያቀበልኩ።»

«እርግጠኛ ነዎት?» አልኩት ሳላስበው።

«አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«ማንም አይደለሁም» አልኩ።

ኩንዳሊ በደስታ ስጦታውን አዘጋጀ፤ አራት ቀለም ያለው ሩዝ፣ የሚታኘከው የሲሪ ቅጠል ከነኖራው፣ ሙዝ፣ ሰም የተነከረ ክር። በትንሽ የእንጨት ታንኳ አድርጎ ውሃው ላይ ለቀቀው። ዳይማን ከጎኗ ደግፈን በዚያ ውሃ አጠብናት። ብርድ ብርድ አላት፤ ጥርሷ ተንቀጫቀጨ። ኩንዳሊ ፊቷን እያየ ቁጭ አለ፤ መልኳ ቶሎ የሚመለስ መስሎት። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ጠበቀ። ትኩሳቱ ግን ጨመረ።

«ሽማግሌው የሚያስታውሰው ትንባሆ ሲያይ ብቻ ነው» አለ ማቶሎ መልሕቁን እየሳበ። ማቶሎ የኩንዳሊ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ በጦር ዓሣ ወጊ ነበር፣ አሁን ግን ዓይኑ ስለደከመ የሚወጋው ሰውን በምላስ ነው። «ሁለት ጥቅል ብንሰጠው የኔንም ታላቅ፣ የአያቴንም ታላቅ እዚሁ ያመጣልን ነበር።»

እኔ ሲሪዬን እያኘክሁ ባሕሩን አየሁ። «አሁን ተናገሪ፣ አሁን» ይለኛል ልቤ። እኔ ግን ሌላ የሲሪ ቅጠል ጎረስኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የኩምፓኒ፣ አገሩን የያዙት ነጮች፣ የጭስ መርከብ አስቆመን። ነጭ ኮፍያ ያደረገው ሰውዬ የማለፊያ ወረቀት ጠየቀ። ኩንዳሊ ከቆርቆሮ መያዣው አውጥቶ አሳየው። አስተርጓሚው «ወዴት ነው የምትሄዱት?» አለ።

«ሚስቴን ላሳክም።»

«የት ሐኪም ዘንድ?»

ኩንዳሊ ምን ይበል? «ገና እየፈለግን ነው» አለ። ነጩ ሰውዬ ጣሪያው ሥር አጎንብሶ ዳይማን አያትና ኮፍያውን አወለቀ። ያን ጊዜ ነው ልቤ ስንጥቅ ያለው። ቋንቋችንን የማያውቅ ሰው እንኳ የምትሞት ሴት እንዳየ ገባኝ።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ኡናኡና ደሴት ደረስን። ተራራው አመድ ከተፋ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ዳርቻው ግን አሁንም ግራጫ ነበር፤ መልሕቁ ሲወርድ ውሃው ደፈረሰ። እማማ ቴንዶ የምትኖረው ከዳር ራቅ ብሎ በተተከለ ጎጆ ነው። በወጣትነቷ ከእህቴ ጋር አንድ ጀልባ ላይ ኖራለች። ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። ኩንዳሊ እግሯ ሥር ተቀመጠ፤ እኔና ማቶሎ ከበሩ ቀረን።

«ሳምቡራ?» አለች እማማ ቴንዶ። «ልጄ፣ እኔ እንደሌሎቹ አልዋሽህም። ደጋግሜ ጠይቄያታለሁ። ‹ባሕር ውስጥ ናት› ትለኝና ፊቷን ወደ ሰሜን ታዞራለች። አንድም ቀን ቦታ ጠርታልኝ አታውቅም።»

«የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም?»

«ታናሿ አብራት ነበረች። ምን ነበር ስሟ... ሩንጋ። ያቺ ቀጫጫ ልጅ። ሞታለች እንዴ?»

ኩንዳሊ ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ። ማቶሎም አየኝ። እማማ ቴንዶ ብቻ ናት ያላየችኝ።

«አልሞትኩም እማማ» አልኩ። «ግን ሕፃን ነበርኩ። ምንም አላስታውስም።»

አሮጊቷ ጭንቅላቷን ወደ ድምፄ አዘነበለች። «በዘጠኝ ዓመቴ የበላሁትን ሁሉ ነው የማስታውሰው» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ስንመለስ ኩንዳሊ እጄን ይዞ ጀልባው ላይ አወጣኝ። እሱ ሎሎ ነው፤ የሚስቱን አክስት ውሸታም አይልም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ወደ ደቡብ ምዕራብ ዞረን። ኩንዳሊ ፓሪጊ ውስጥ ሌላ አዋቂ አለ መባሉን ሰምቷል፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው የሰማውን ሁሉ ይከተላል። ነፋሱ ከደቡብ ስለሚመጣ ጀልባዋ ዳገት እንደምትወጣ አሮጊት ታቃስታለች። እኔ ጣሪያው ሥር ገብቼ የዳይማን ከንፈር በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ያዝኩ። እጄን ያዘችኝ። እጇ የሕፃን እጅ ያህል ቀሏል።

«አክስቴ፣ ለኩንዳሊ አንድ ነገር ንገሪልኝ። ስሞት ከዳር ርቆ አይቅበረኝ። አውቃለሁ፣ ወጋችን መሬት ነው። ግን ከውሃው በጣም አያርቀኝ። ማዕበሉ ይሰማኝ።»

ራሷን ካወቀች ጀምሮ አንድ ሌሊት መሬት ላይ አላደረችም፤ መሬት ለውሃ መቅጃ፣ ለማገዶና ለመቃብር ነው ትላለች። ይህን የምትለኝ ደግሞ ታላቋ መሬት ውስጥ ሥር ሰድዳ የተቀመጠችባት ሴት ናት። ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ። ከጣሪያው ሥር ወጣሁና ኩንዳሊ ፊት ቆምኩ።

«ሎሎ፣ መሪውን መልሱት።»

«ወዴት?»

«ወደ ሰሜን። አውቃለሁ። ከመጀመሪያውም አውቅ ነበር።»

ሁሉንም ነገርኩት፤ ወጀቡን፣ አዋላጇን፣ የተተከለውን ኮኮናት፣ ሦስቱን ጉንጭ ውሃ። ጎዶሎ የሚለውንም ቃል ጠራሁት። «ሚስትዎ የመሬት ናት» አልኩት። «ወንድሞችዎ ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። እኔን ባሕር ውስጥ ቢጥሉኝም አልፈርድብዎትም።»

ሎሎ ኩንዳሊ መሪውን ሳይለቅ ሰማኝ። ነፋሱ ነጭ ጢሙን ወዲያና ወዲህ ያደርገዋል። የሰውየው ፊት ላይ ቁጣ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም።

«የትኛው ወንዝ ነው?» አለኝ። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።

«ቦላንጋ።»

«ማቶሎ! ሸራውን ፍታ!»

ጀልባዋ ዞረች። ነፋሱ ከኋላዋ ሲሆንላት ማቃሰቷን ተወች። ኩንዳሊ መሪውን ለማቶሎ ሰጥቶ ወፍራም ገመድ ይዞ ወደ እኔ መጣ። መታሰሬ ነው ብዬ እጄን አስቀደምኩ። እሱ ግን ገመዱን ወገቤ ላይ አዞረና ጫፉን ከምሰሶው ጋር ቋጠረው።

«እርስዎ መሐላ አፍርሰዋል» አለኝ በዝግታ። «አፍዎን ውሃ ሊሞላው ይፈልግ ይሆናል። ባሕሩ እርስዎን ከፈለገ እንግዲህ ጀልባዬን ጭምር ይውሰድ።»

በስድሳ ሦስት ዓመቴ ምሰሶ ላይ እንደ ፍየል ታስሬ፣ እየሳቅሁ አለቀስኩ። ማቶሎ ከኋላ፣ «እማማ ሩንጋ፣ ሣር ላምጣልዎት?» አለኝ። ጫማ ቢኖረኝ እወረውርበት ነበር።

ከጣሪያው ሥር ድምፅ መጣ። «ሁሉንም ሰምቻለሁ። ያመመኝ ጆሮዬን አይደለም።»

ኩንዳሊ ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ዳይማ ፊቷን ወደ ጣውላው አዙራለች።

«ፍታኝ» አለችው።

«ምን?»

«ፍታኝ አልኩህ። ወንድሞችህ እውነታቸውን ነው። ጎዶሎ ሴት በጀልባህ ላይ ሠላሳ ስድስት ዓመት ጭነህ ዞርክ።»

«መጀመሪያ ተነስተሽ ቁሚና እንደ ሰው ተጣይኝ» አላት። «ተኝታ የምታዘኝን ሴት አልፈታም።»

«አትቀልድ።»

«አልቀለድኩም። አንድ ነገር ልንገርሽ ዳይማ። ውሃውንም መሬቱንም ተይው፤ አንድ ምንጣፍ ላይ የተኛሁት ካንቺ ጋር ነው። ልጆቻችንን የቀበርኩት ካንቺ ጋር ነው። ታላቅሽ ያለችበት እሄዳለሁ፤ ደመና ላይ ናት ቢሉኝም መሰላል እፈልጋለሁ።»

«ሂድ እንግዲህ» አለችው ፊቷን ሳትመልስ። «እኔ ግን ከዚህች ጀልባ አልወርድም። በቁሜ ወደ መቃብሬ ስትወስደኝ ዝም ብዬ አላይም። የባሕር ሰው ሆኜ ብሞት ይሻለኛል።»

ኩንዳሊ ወጥቶ ጀልባው ፊት ተቀመጠና እጆቹን ተመለከተ። ደጋግ ሰዎች ሲቸገሩ ማየት በጣም ይከብደኛል።

ቦላንጋ ወንዝ አፍ ላይ የደረስነው በስድስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ነው፤ ጨረቃ የምትሞላው በዚያው ምሽት ነበር። ባሕሩ ሸሽቶ ስለነበር መልሕቅ የጣልነው ከዳር ራቅ ብለን ነው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጭቃ አለ። ዳይማ እንዳለችው አልንቀሳቀስም አለች። ኩንዳሊ ለመናት፤ ማቶሎ ቀለደ፤ እኔ ማልኩ፣ ተገዘትኩ። ጆሮዋን ደፈነች።

ወገቤ ላይ ያለውን ገመድ ራሴ ፈታሁ። ኩንዳሊ ሊከለክለኝ ሲነሣ «አሳፋሪው ሥራ የኔ ነው» አልኩትና ውሃው ውስጥ ወረድኩ። እውነቱን ልናገር፣ እስከ ዳር ድረስ ከንፈሬን ገጥሜ ነው የሄድኩት።

መንደሩ ያው ነበር፤ ቤቶቹ ብቻ በዝተዋል። የቱን ቤት ልጠይቅ ስል አንዲት አሮጊት ከደረጃዋ ላይ ሆና ሳጎ፣ ከዘንባባ ግንድ የሚወጣውን ዱቄት፣ ስታጥብ አየችኝ። እኔም አየኋት። ግንባሯ ላይ ያለውን ጠባሳ አወቅሁት፤ ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ በዛጎል ተጣልተን።

«አንቺ!» አለች። «ያቺ የባጆ ሌባ! ዛጎሌን መልሺ!»

«ሙሊያ?»

«ጥርስሽ የት ሄደ?»

«ካንቺ ጥርስ ጋር ነዋ የሄደው።»

ተቃቅፈን አለቀስን። ሙሊያ የአዋላጇ ልጅ ናት። ለዘጠኝ ቀን ብቻ ነበር አብረን የተጫወትነው፤ አምሳ አራት ዓመት ግን አልረሳችኝም። ነገሩን ነገርኳት። ከቤቷ ጎን አንድ ረጅም የቀርቀሃ ግንድ አንሥታ ትከሻዋ ላይ አደረገችና፣ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃው ውስጥ ገባች። እኔ ከኋላዋ ተከተልኳት።

ጀልባው አጠገብ ስትደርስ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። የጀልባውን ጠርዝ ይዛ ጣሪያው ሥር ተመለከተች።

«አንቺ ነሽ ልጅቷ?» አለች።

ዳይማ ዓይኗን ጨፈነች።

«እናቴ አዋላጅሽ ነበረች። ሙሊያ እባላለሁ። ይህንን ታያለሽ?» ቀርቀሃውን ከፍ አደረገችው። «እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ እናትሽ ስታለቅስ ማየቷ እናቴን እንቅልፍ ነሳት። ‹ምነው ሳልጠይቃት ተከልኳት› እያለች ትጸጸት ነበር። ነቅላ አትመልሰው ነገር፣ አንቺ ትሞቻለሽ። ስለዚህ በየዓመቱ፣ ጾሙ ሲፈታ፣ በዚህ ዓይነት ቀርቀሃ የባሕር ውሃ እየቀዳች ዛፏ ሥር ታፈስ ነበር። ‹የባሕር ልጅ ናት፣ ጨው ይናፍቃታል› ትል ነበር።»

ዳይማ ዓይኖቿን ገለጠች።

«ከሞተችስ በኋላ?»

«ከዚያማ እኔ ነኛ። አደራ ነው።»

«በየዓመቱ?»

«በየዓመቱ። ኡናኡና አመድ በተፋበት ዓመት ብቻ ነው የተቸገርኩት። የዳሩ ውሃ ጭቃ ሆኖ ነበር። የልጄን ታንኳ ተውሼ ጥልቁ ድረስ ሄጄ ቀዳሁላት። መቅዘፍ ስለማልችል አራት ጊዜ ዞርኩ።»

ማቶሎ የሚጠጣ ውሃ ቀድቶ ለሙሊያ አቀበላት።

ዳይማ ሴትዮዋን አየቻት፤ ጭቃ የለበሱ እግሮቿን፣ ቀርቀሃውን፣ ያጠረ ትንፋሿን። እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወደ ምንጣፉ ወረደ።

«እኔ እናንተን ጭቃ ይሸታሉ እያልኩ ስስቅባችሁ ነው የኖርኩ» አለች።

«እንሸታለን እኮ» አለች ሙሊያ። «እናንተስ? ዓሣ።»

ዳይማ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ልቅሶ ሆነ። ሲወጣላት ባሏን ጠራችው።

«ኩንዳሊ፣ አውርደኝ።»

ሎሎ ኩንዳሊ በጀርባው አዘላት። ከሡልጣን ሰንደቅ የተቀበሉ ሰዎች የልጅ ልጅ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ፣ እየተንሸራተተ፣ ሚስቱን እንደ ሕፃን አዝሎ ወደ መሬት ሄደ። ያን ቀን ከኩንዳሊ በላይ ሎሎ አላየሁም።

ዛፏ ረጅም ነበረች፤ ወደ ባሕሩ አዘንብላለች። ዳይማን ሥሯ ላይ ስናስቀምጣት ግንዱን በሁለት እጇ ይዛ ግንባሯን አስደገፈች። «ይቅርታ አድርጊልኝ» ስትል ሰማኋት፤ የቀረውን ዝቅ ብላ ስለተናገረች አልሰማሁም። ሰው ለታላቁ የሚለውን ማዳመጥም ነውር ነው።

አዋቂው በታላቋ ውሃ ትታጠብ ብሎ ነበር። የቱ ነው ውሃዋ? ተያየን። ሙሊያ ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች። «ከላይ ነዋ የተሸከመችው።» ማቶሎ ስንት ምሰሶ የወጣ ሰው ዛፍ ላይ ሦስት ጊዜ ተንሸራቶ ወደቀ፤ የመንደሩ ሴቶች ከየደረጃው እየሳቁ አበረታቱት። በአራተኛው አራት ኮኮናት ጣለልን። በአንዱ ፊቷን፣ በአንዱ ደረቷን፣ በአንዱ እግሮቿን አጠብናት። አራተኛውን ኩንዳሊ ወደ አፏ አስጠጋላት፤ አንድም ጠብታ ሳታስተርፍ ጠጣችው። ከአሥር... ቀኑን እንኳ ዘነጋሁት፤ ብቻ ከስንት ቀን በኋላ አንድ ነገር ሆዷ ገባ።

«አክስቴ» አለችኝ ጀርባዋን ለዛፏ ሰጥታ። «ስንት ጊዜ ልትነግሪኝ ፈለግሽ?»

«በየቀኑ።»

«ውሸታም።»

«እሺ፣ በየወሩ።»

እጇን ዘርግታ እጄን ያዘች። «እናቴ ብቻዋን ነበረች» አለች። «አንቺም ብቻሽን ነበርሽ። ምን ዓይነት ሞኞች ናችሁ ግን።» ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ወቅሳኝ አታውቅም። እኔ ግን ራሴን መውቀሴን እስከ ዛሬ አላቆምኩም።

የዚያን ዕለት በሙሊያ ቤት አደረች፤ ራሷን ካወቀች ወዲህ የመጀመሪያዋ የመሬት ሌሊት ነበረች። ጠዋት ግንባሯን ስዳስስ እንደኔ እጅ ቀዝቅዟል። የሳጎ ቂጣ ጠየቀች። ግማሹን በላች። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ቀርቀሃ አየች።

«ሙሊያ፣ እሱን ስጪኝ።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«የዘንድሮውን እኔ እቀዳለሁ።»

«የዘንድሮው ገና ነው፤ ጾሙ አልገባም።»

«የአምሳ አራት ዓመት አለብኝ» አለች ዳይማ። «ከየትኛውም ልጀምር።»

ደረጃውን ተቀምጣ እየተንሸራተተች ወረደች። ከታች ስትደርስ ቀርቀሃውን ምርኩዝ አድርጋ ተነሳች። እግሮቿ ተንቀጠቀጡ፣ ግን ቆሙ። ባሕሩ ሞልቶ እስከ መንደሩ ጥግ መጥቶ ነበር። አንድ እርምጃ ሄደች፣ ዐረፈች፤ ሁለት ሄደች፣ ዐረፈች። ኩንዳሊ መቻል አቅቶት ከኋላዋ ሊሮጥ ሲል ሙሊያ እጅጌውን ይዛ አስቀረችው።

«ተዋት» አለችው። «ለእህቷ እኮ ነው የምትቀዳው።»

ዳይማ ውሃው ጋ ደረሰች። ጎንበስ ብላ ቀርቀሃውን አጠለቀች፤ እስኪሞላ ጠበቅን። ሞላ። ከብዷት ግማሹን አፈሰሰችና ቀሪውን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ፊቷን ወደ ዛፏ መልሳ፣ መሬቱን እየረገጠች መራመድ ጀመረች።